ሎሚ፣ ጨውና የአባቴ መሮዎች

ጋሼ ሚስማር ክንዱን ዘርግቶልኝ የደም ግፊቱን ስለካ፣ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን አድርጌው ነው የማያናግረኝ?" ብሎ ጠየቀኝ።

የመለኪያውን ጎማ እየጨመቅኩ ነበር፤ እጄ ቀጥ አለ። ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ኖሬ መልስ ግን አላዘጋጀሁም። "አታውራ ጋሼ፣ ስታወራ ግፊቱ ይጨምራል" አልኩት። ይህ እውነት ነው። ነርስ ስለሆንኩ ውሸቴን በእውነት ጠቅልዬ ማቅረብ እችልበታለሁ። እሱም እንደ ታዛዥ ተማሪ አፉን ዘጋ። ግፊቱ ደህና ነበር። የኔን የሚለካ ሰው በአቅራቢያ አለመኖሩ በጀኝ።

"ጥፋቴን ባውቀው ይቅርታ እጠይቀው ነበር" አለኝ እጅጌውን እያወረደ። "የማላውቀውን ግን ምን ብዬ ልጠይቅ?"

ጋሼ ሚስማር የተባለው በቅጥነቱ ነው። አናጢ ነው፤ አባቴም አናጢ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ ወርክሾፕ፣ በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ሠርተዋል። ልጅ ሆኜ አንዱ ሲቆጣኝ ሌላው ጉያ ነበር የምገባው። ይህን ወዳጅነት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ እቤት መደርደሪያ ሲያበጅ የግራ አውራ ጣቱን በመሮ ሸረከተው። ስድስት ቦታ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስሰፋው ያስደነገጠኝ ግን ቁስሉ አልነበረም። ጤነኛው ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። በብርድና በድንጋጤ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከሌላው መለየት እንጀራዬ ነው፤ ይህ ሌላው ነበር። መሣሪያ መያዝ አቁም ብለው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። አባቴ ለሐኪም ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ሰው ነው፣ ለነርስማ ተዉት። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት፣ እሱ ሳይነሣ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ጎትቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር፣ ከአሮጌ ጆንያ ጀርባ ወሸቅኩት። በቤታችን ወንድ እጁን የማይሰድበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

"ሣጥኔስ?" አለኝ ቁርስ ላይ።

"ጋሼ ሚስማር መጥቶ ተውሶ ወሰደው።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ለምን የእሱን ስም እንደጠራሁ ያኔ አላሰብኩበትም። በኋላ ሳስበው የተማመንኩት በአባቴ ደንብ ነበር። አባቴ ለወዳጅ ያዋሱትን ዕቃ በአፍ መጠየቅ ነውር ነው ይላል፤ ወዳጅ ራሱ እስኪመልስ ይጠበቃል እንጂ። እንዳሰብኩትም "እሺ" አለና ሻዩን ጠጣ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ሚስማር ብርቱካን ይዞ ቁስሉን ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ተኝቷል በይው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑን ረግጦት አያውቅም። መንገድ ላይ ከሩቅ ካየው ይሻገራል። ዛሬ ይበርድለታል፣ ነገ ይበርድለታል ብዬ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልኩት። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ በሁለተኛው ቀን ታወጣጣኝ ነበር። አሁን ግን እኔና እሱ ብቻ ነን፤ የሚያወጣጣኝ ጠፋ።

የዚያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ ያ ቀጭን ክንድ ከዓይኔ አልጠፋም። አንጀቴን በላው። መንገድ ላይ አንድ ዘዴ ቀየስኩ። ሣጥኑን አወጣለሁ፣ "ጋሼ ሚስማር መለሰው" እላለሁ፣ የአባቴ ቂም ይሽራል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይታረቃሉ፣ እኔም አልዋረድም። በአጭሩ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለተኛ ውሸት ልዋሽ ነው።

አባቴ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ያንቀላፋል። ያን ሰዓት ጠብቄ ከገንዳው ሥር ሣጥኑን ሳብኩት። ክዳኑ አልከፈት ብሎ ታገለኝ። ሲከፈት የሸተተኝ ሽታ ሁሉንም ነገረኝ። ከገንዳው በላይ ያለው ቧንቧ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ ቆይቷል፤ የሚያንጠባጥበው ደግሞ በሣጥኑ ላይ ኖሯል። መጋዙ ቀይ አፈር የተነፋበት ይመስላል። አምስቱ መሮዎች በዝገት እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የመላጊያው ምላጭ ከእንጨቱ አልወጣ አለ። ጉጠቱ አፉን ገጥሞ ቢለምኑት የማይከፍት ሆኗል። አባቴ እነዚህን ዕቃዎች ወርክሾፕ አሳድሯቸው አያውቅም ነበር። ዝናብ ሲመጣ እሱ እየበሰበሰ ኮቱን ለሣጥኑ የሚያለብስ ሰው ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ዝገት ማስለቀቂያ ገዝቼ ብመጣ አባቴ ጠርሙሱን ያያል፣ ይጠይቃል። ስለዚህ ወጥ ቤት ባለው ነገር መታከም ነበረባቸው። መሮዎቹንና ምላጩን በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ኮምጣጤ አፍስሼባቸው እስከ ማግስቱ አቆየኋቸው። መጋዙ ሳፋ ውስጥ አልገባ ስላለ ጨው ነስንሼበት ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ሦስት ሰዓት ቆይቶ በዚያው በሎሚው ልጣጭ ጥርሱን እየተከተልኩ ፈተግኩት። የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ቀላል ዝገት ብቻ ስለነበረው ድንች ለሁለት ገምሼ፣ ፊቱን የዕቃ ሳሙናና ጨው አስነክቼ አሸሁት። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ይሠራል፤ ድንቹ ይጠቁራል፣ ብረቱ ይነጣል። ለጉጠቱ መጋጠሚያ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩለትና ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ሲጥጥ ብሎ አፉን ከፈተ። ከኮምጣጤ የወጣውን ሁሉ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥኩበት ውሃ አለቅልቄ ወዲያው በጨርቅ አደርቀው ነበር። እርጥብ ሆኖ ከተተወ ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣልና።

ሽታው ግን አስቸገረኝ። ቤቱ በሙሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለ። ሰበብ እንዲሆነኝ ሦስት ቀን በተከታታይ ሰላጣ ሠራሁ።

"ዛሬም ቅጠል ነው?" አለኝ አባቴ ሳህኑን እያየ። "ጥንቸል አደረግሽኝኮ።"

"ለጤናህ ነው አባባ።"

"ሎሚውስ? ትናንት አሥር ሎሚ ነበር፤ ዛሬ አንድ የለም።"

"ጉንፋን ጀማምሮኝ ነው።"

"እሺ" አለ። አባቴ እሺ ሲል ብዙ ነገር ነው የሚለው፤ የትኛውን እንዳለኝ ግን ያን ጊዜ አልመረመርኩም።

ሐሙስ ሁሉም አለቀ። በነጭ ፎጣ ላይ ደረደርኳቸው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ መሰሉ። በራሴ እጅግ ኮራሁ። እጀታዎቹን እንኳ አልተውኩም፤ ጥቁርና ቅባታም ስለነበሩ በሳሙናና በሶዳ ፈትጌ እንደ አዲስ እንጨት አንጥቻቸዋለሁ። ለኛ ለነርሶች ንጹሕ ማለት ምንም ያልነካው ማለት ነው። ከዚያ አንዱን መሮ አንሥቼ እንደ አባቴ ያዝኩት። አውራ ጣቱ የሚያርፍባት ጎድጓዳ ቦታ አለች። ድሮ ያቺ ቦታ ጠቁራ ታበራ ነበር፤ አሁን አመድ ለብሳለች። ያኔ ነው ያደረግኩት የገባኝ። ሁለት ዓመት ሲሠራበት የከረመ መሣሪያ እንዲህ አይሆንም። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ በእጁ ያውቀዋል። ዝገቱን ሳጠፋ ውሸቴን ነው ያጋለጥኩት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሣጥኑን በጋሪ አስጭኜ ጋሼ ሚስማር ወርክሾፕ ሄድኩ።

የበር መቃን እየሠራ ነበር፤ ወለሉ ፍቅፋቂ ሞልቶታል። የሥራ ጠረጴዛው የእሱ ወገን ሙጫ፣ ሚስማርና የእርሳስ ቁራጭ ተዝረክርኮበታል። የአባቴ ወገን ግን ባዶና የተወለወለ ነው። አንዲት ብሎን እንኳ አላስቀመጠበትም። ያን ሳይ የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

ሣጥኑን ከፈተና አንድ መሮ አውጥቶ አገላበጠው። አሸተተው።

"እጀታውን ማን እጠቢ አለሽ?"

"ቆሻሻ ነበር ጋሼ።"

"ቆሻሻ አልነበረም፤ አባትሽ ነበር" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ጣቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ ገንዳውን፣ የእሱን ስም መጥራቴን። እያዳመጠኝ መሮውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ስጨርስ ጨርቁን አስቀመጠ።

"ስለዚህ ነው?" አለ። "እኔኮ ሰው ፊት የወንበር እግር አሳጠርክ ብዬ የሳቅኩበትን ቀን ነበር የጠረጠርኩት። ቆየት ብዬ ደግሞ፣ አይ፣ ያ ብርቱካን የበሰበሰ ኖሮ ይሆናል አልኩ። ባለቤቴ እስኪሰለቻት ድረስ ሌሊት እየቀሰቀስኩ 'ምን ብዬው ይሆን?' እላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ ከረምኩ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። "አትቆጣኝም?"

"እቆጣሻለሁ እንጂ፣ እንዴት አልቆጣም! ግን አሁን ሥራ አለን። ያን ዘይት አቀብዪኝ።"

እጀታዎቹን በዘይትና በጥሩ ሰጋቱራ፣ በመዳፉ፣ አንድ በአንድ ያሻቸው ጀመር። ሁለቱን እኔ አሸሁ። ምላጩንና መሮዎቹን በመሳያ ድንጋይ ላይ አሰላቸው። አንዷን ትንሽ መሮ ብርሃን ላይ ይዞ ዓይኑን አጨናበሰ። "ይቺን ኮምጣጤው በላት፤ አብዝተሽ አቆየሻት። ግድ የለም፣ ትድናለች።" ከዚያም ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ቅዳሜ እኔው ይዤው እመጣለሁ። አዘገየሁብህ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" አለኝ።

"ያላደረግከውን?"

"አባትሽ በልጁ ውሸት ከሚያዝን በወዳጁ ቸልተኝነት ቢያዝን ይሻለዋል። በኔ ለምዶታል።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደስ አለኝ እንዲያውም፤ እሱን ነው ዛሬ ድረስ የማፍርበት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ጠረጴዛው ጋ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እጆቹ እንደ ወትሮው ከጋዜጣው ሥር ናቸው። ጋሼ ሚስማር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሣጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። ከባድ ስለነበር ያለከልካል። አባቴ ሣጥኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ መልሶ ሣጥኑን አየ። ጋሼ ሚስማር ጠረጴዛው ላይ አሳረፈለትና ክዳኑን ከፈተ። አባቴ አንድ መሮ ብድግ አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

"አንተ ሰውዬ" አለው፣ "እንጨት ነው ወይስ ሰላጣ ስትሠራ የከረምከው?"

እኔ በቁሜ ውሃ ሆንኩ። ጋሼ ሚስማር ግን ወይ ፍንክች! እቤቱ ያጠናውን ቀጠለ። "ወንድሜ፣ አዘገየሁብህ። አንድ ሳምንት ብዬ ወስጄ ሁለት ዓመት አስቀመጥኩት። ዓይንህን ማየት አፍሬ ነው የቀረሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።" ይህን ብሎ በሰባ ዓመቱ አንገቱን ደፋ።

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። መሮውን አስቀመጠ። "ቀና በል" አለው። ጋሼ ሚስማር ቀና አላለም። "ቀና በል እባክህ፤ አትግደለኝ! ይህን ሣጥን አንተ ተውሰኸው አታውቅም። ከገንዳው ሥር ነበር።"

አባቴ ወደኔ ዞረ።

"ፂሜን ስላጭ ሳሙና አምልጦኝ እዚያ ገባ። እጄን ሰድጄ ስፈልግ ሣጥኔን ዳበስኩት። ፋሻው ገና ከጣቴ አልተፈታም ነበር።" ከዚያ ወደ ጋሼ ሚስማር ተመለሰ። "ብርቱካን ይዘህ የመጣህ ቀን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ፊቴን ያዞርኩብህ።"

"ለምን?" አለ ጋሼ ሚስማር። ድምፁ ቀጥኖ እሱን ራሱን መሰለ።

አባቴ ሁለቱን እጆቹን ከጋዜጣው ሥር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ለዓይን ሲያወጣቸው አይቼ አላውቅም። ቀኙ በጣም ብሶበታል። ጣቶቹ ጋዜጣውን እያንኮሻኮሹት ነበር።

"ለዚህ" አለ። "ሰው ሁሉ ሥራ ለምን ተውክ ሲለኝ መሣሪያዬን ሰው ተውሶኝ ነው እል ነበር። ልጄ ውሸት ሠራችልኝ፤ እኔ ገብቼ ተጠለልኩበት፣ አንተን ደጅ ትቼህ። ሰላም ካልኩህ ወርክሾፕ እንሂድ ትለኛለህ። ከሄድኩ ታየኛለህ። አንተ ከምታየኝ ብጣላህ ይሻላል አልኩ።"

ጋሼ ሚስማር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

"አይቼሃለሁኮ። የመጨረሻውን ቁም ሣጥን ስንሠራ የማጠፊያውን ቀዳዳ ሁሉ ያወላገድከው አንተ ነህ። አንተ ምሳ ስትሄድ ደፍኜ መልሼ የምበሳው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊትም የአልጋዎቹን። አንድ ዓመት ሙሉ ምሳዬን ወርክሾፕ የበላሁት ለምን ይመስልሃል? የባለቤቴ ወጥ ጠልቼ ነው?"

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

አባቴ አለቀሰ። ድምፁን አውጥቶ፣ ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ፤ ለመሸፈንም እጆቹ አልታዘዙለትም። ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። "ይቅር በለኝ" ይላል ደጋግሞ። ጋሼ ሚስማር የሚንቀጠቀጠውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ "በቃ፣ በቃ" ይለዋል። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። ለታማሚ ቤተሰብ የምናገረው ብዙ የማጽናኛ ቃል ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለታችሁም ይቅር በሉኝ" ብቻ አልኩ።

"አንቺ ዝም በይ" አለኝ ጋሼ ሚስማር። "ያንቺ ቁጣ ለብቻው አለ።"

አባቴ በለቅሶው መሐል ሳቀ። ሻይ አፈላሁ። የአባቴን ግማሽ ድረስ ብቻ ቀዳሁለት፤ ድሮ ሞልተሽ ቅጂ እያለ ያፈስ ነበር፣ ያን ቀን ግን ምንም አላለኝም። ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ነበራቸው፤ ማን ምን ሠራ፣ የማን በር ተወላገደ፣ የእንጨት ጥራት እንዴት ወረደ።

ጋሼ ሚስማር ሊሄድ ሲነሣ አባቴ ሣጥኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።

"ውሰደው። ስሙን ካሸከምኩህ አይቀር ዕቃውንም ውሰድ። እኔ ከእንግዲህ አልሠራበትም።" ይህን በአፉ ሲል መጀመሪያው ነበር።

ጋሼ ሚስማር ሣጥኑን ከፍቶ ሲያማርጥ ቆየ። ከዚያ ትንሿን መሮ፣ ኮምጣጤው የበላትን፣ አንሥቶ የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተታት።

"ለዛሬ ይቺን ነው የምዋሰው።"

"ሁሉንም ውሰድ እንጂ፣ ምን ያደርግልኛል?"

"ሁሉንም ባንዴ ከወሰድኩ ነገ በምን ሰበብ እመጣለሁ?" አለና ወጣ።

በማግስቱ መሮዋን መልሶ ጉጠቱን ተዋሰ። ለምን እንደፈለገው አባቴም አልጠየቀው፣ እሱም አልተናገረም።